ሰፊውን አገለግላለሁ

«ሰፊው ሕዝብ ሞተ» አለኝ ሰውየው እየሳቀ።

አንበሳሜ ነን፤ የገበያ ቀን ነው። ከወረታ በርበሬ ጭኖ የመጣ ነጋዴ፣ በቅሎው የረገጠችውን እግሩን እንዳጥብለት ዘርግቶ ተቀምጧል። ከዚህ በፊት ወረታ እሠራ እንደነበር ስነግረው ነው ወሬውን ያመጣው።

«ማን ሞተ አልኸኝ?»

«ሰፊው ሕዝብ ነዋ! ያ በረንዳ ላይ ይሰፋ የነበረው ሽማግሌ። ወንዛዬ ፍል ውኃ ልታጠብ ብሎ ሄዶ እዚያው ቀረ። አታውቂውም እንዴ?»

አውቃቸዋለሁ። ስማቸው ግን ሰፊው ሕዝብ አይደለም፤ አያ ጫኔ ነው። «ሰው ሲሞት እንኳ በስሙ ጥሩት እንጂ!» አልሁና ፋሻውን ከሚገባው በላይ አጥብቄ አሰርሁበት። ጮኸ። ይጩህ።

ያን ስም ያወጡላቸው አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠው የሳቁባቸው ሰዎች ናቸው። መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥለው አጨበጨቡ፤ በመጨረሻ ስም አወጡ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። ነገሩ እንዴት እንደነበረ ልንገራችሁ፤ እዚያው ነበርሁ፣ ጣጣ ያመጣው ጽሑፍም የተሰፋው እኔ ደረት ላይ ነው።

ጎንደር ተምሬ በነርስነት እንደተመረቅሁ የተመደብሁት ወረታ ነው። የገባሁት በክረምት ነው። ፎገራን በክረምት ያየ ያውቀዋል፤ ሜዳው ሁሉ ውኃ ይተኛበታል፣ መንገዱ የት እንደነበረ የሚያስታውሱት ከብቶቹ ብቻ ናቸው። ከቁሐር ሚካኤል ወባ የጣለውን ሰው በቃሬዛ ተሸክመው የሚመጡት እስከ ወገባቸው ጭቃ ሆነው ይደርሱና ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ይደናገራሉ። ማን ሐኪም፣ ማን ዘበኛ፣ ማን አስታማሚ እንደሆነ አይለይም። የድሮዎቹ ጋዋኖች እየወጡ ገበያ ገብተዋል። ሥጋ ሻጩ አንዱን ለብሶ ጎድን ሲፈልጥ በዓይኔ አይቻለሁ። አንዲት እናት ልጇን አቅፋ እሱ ፊት ቆማ «ሐኪሜ፣ በእግዜር፣ መርፌ ውጋልኝ» ስትል ተገኝታለች ብሎ ከተማው ይስቃል። እኔን አላሳቀኝም።

አዳዲስ ጋዋን ከአዲስ አበባ ፋብሪካ በካርቶን ሲመጣልን እንደ ልጅ ነው የተሻማነው። ነጭ፣ ድርቅ ያለ፣ ሁሉም በአንድ ልክ የተቆረጠ። እኔ ውስጡ ጠፋሁ፤ ዘበኛው ደግሞ አዝራሩ አልዘጋለት አለ። ምልክት የሚባል ነገር ግን የለውም። ኃላፊያችን፣ ያኔ አንቱ ነበር የምለው፣ አሁን ትቻለሁ፣ «ይኼም ሥጋ ቤት ሳይገባ ኪሱ ላይ ይጻፍበት» አለ። ደግ ሐሳብ ነው። «ጤና ጣቢያ» ይባልና ከሥሩ «ነርስ»፣ «ጽዳት» ይባላል። በቃ ይኸው ነበር።

መጀመሪያ የተላከው ለልብስ ሰፊዎች ማኅበር ነው። እነሱ ለሙከራ አንዱን ሰፍተው መለሱልን። ቴርሞሜትሬን ኪሴ ልከት ብል ግማሽ መንገድ ላይ ቆመብኝ። ለካ ኪሱን ሳይፈቱ፣ ፊደሉን ከነኪሱ ከጋዋኑ ጋር አጣብቀው ሰፍተውታል!

ዘበኛው ነው «አያ ጫኔ ጋ ውሰጂው፤ ጉራውን ከቻልሽው» ያለኝ።

አያ ጫኔ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ፣ ገበያው ፊት ለፊት ባለ በረንዳ ላይ ነበር የሚሰፉት። አጠር ያሉ፣ መነጽራቸው በክር የታሰረ፣ ከንፈራቸው መካከል ሁልጊዜ ስፒል የማይጠፋ ሰው። ስፒሉን ነክሰው ነው የሚያወሩት፣ የሚሳደቡትም፣ የሚስቁትም። አንድ ቀን ይውጡታል ብዬ ስንት ጊዜ ተጨንቄያለሁ። የተበላሸውን ኪስ ዳበሱና ሳቁ።

«ማኅበርተኞቹ ናቸው? ኪስ ሳይፈቱ ጥልፍ! አፍ ሳያስከፍቱ ጥርስ መንቀል ማለት እኮ ነው!»

«እርስዎ ይችሉታል?»

«ከዚህ እስከ ባሕር ዳር እኔን የሚያህል የለም።»

«ከባሕር ዳር ወዲያስ?»

«ወዲያ ሄጄ አላየሁም።»

«መቼ ይደርሳል?»

«ነገ ጠዋት።»

ከጀርባቸው ባለቤታቸው እትዬ ይታይሽ ሳቃቸውን ለመደበቅ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። በኋላ ነው የገባኝ። ለአያ ጫኔ ሁሉም ነገር ነገ ጠዋት ነው። ለሠርግ የተቀበሉትን ቀሚስ ለልጇ ክርስትና ያደርሳሉ ይባልላቸው ነበር። እኔ ደግሞ መጠበቅ የሚባል ነገር አይሆንልኝም፤ በየቀኑ እየሄድሁ እጨቃጨቃቸዋለሁ። «መጣች ቸኳላዋ!» ይላሉ ከሩቅ ሲያዩኝ።

በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ነበሩ። የስፌት መኪና ድምፅ ሰምተው ነው የጠፉት ይላሉ እትዬ ይታይሽ። ቅኔው ግን አልለቀቃቸውም፤ የሰሙትን ቃል ሁሉ «ይጠብቃል ወይስ ይላላል?» ብለው ይፈትሹታል። አንድ ጊዜ ጤና ጣቢያችን በር ላይ «መድኃኒት አለ» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። መድኃኒቱ ካለቀ ሰንብቷል። አያ ጫኔ ለሳል መጥተው፣ ባዶ እጃቸውን ሲወጡ ወረቀቱን ቆመው አዩትና፣ «ይኼ ላልቶ ነው የሚነበብ» አሉ። «ማለቱን 'አለ' እንጂ፣ የለም።» ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ በሳቅ ሞተ። ኃላፊያችን ወረቀቱን ሲገነጥል አየሁት።

እንዲህ ያለ ሰው ናቸው። ቀልድ አፋቸው ላይ ከመጣ መልሰው መዋጥ አይችሉም። ስፒሉንስ ይውጡት ይሆናል፤ ቀልዱን ግን አይውጡትም።

በዓለም ላይ የሚሳሱላት አንዲት ነገር መኪናቸው ናት። ጥቁር፣ የእግር መርገጫ ያላት፣ በጎልማሳነታቸው ጎንደር ተቀጥረው ሠርተው የገዟት። ያን ጊዜ የሰፊ መኪና ሁሉ ማኅበሩ ውስጥ ይግባ ተብሏል። አያ ጫኔ፣ «እኔ ልግባ፤ እሷ ግን ከሰው እግር ጋር አትስማማም» ብለው አንገራግረዋል። የወረዳው ካድሬ ጓድ ሽፈራው ይኼን ቋጥሮ ይዟል። ሰበብ ነበር ያጣው።

ሰበቡ በጋዋን መጣ። ጓድ ሽፈራው የአብዮት በዓል ሲደርስ ከአውራጃ እንግዳ እንደሚመጣ ሰማና ጤና ጣቢያችን ከች አለ። «'ጤና ጣቢያ' ምን ያደርጋል? መፈክር ነው የሚጻፈው» አለ። «ሰፊውን ሕዝብ አገለግላለሁ» ይባል አለ። ፊደሉም ከሩቅ እንዲነበብ ትልቅ ይሁን አለ። አያ ጫኔ ተጠርተው መጡ፤ ኪሱን በሰማያዊ ጠመኔ አሰመሩና ሦስት መስመር አድርገው አሳዩት፤ ከላይ «ሰፊውን»፣ መካከል «ሕዝብ»፣ ከታች «አገለግላለሁ»። ልክክ አለ። እሱም ደስ አለው። ሊሄድ በር ላይ ደርሶ ተመለሰ።

«ከላይ ቀይ ኮከብ ይግባበት።»

ግቢው ሙሉ ሰው ነበር። ኃላፊያችን፣ ሠራተኛው፣ ወረፋ የያዘው በሽተኛ፣ ለቁስላቸው ሊታከሙ የመጡት መሪጌታ እንየው ሳይቀሩ ቆመው ያያሉ። የተባለውን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«ጓድ፣ ቦታ የለም» አሉ አያ ጫኔ። «ፊደሉን ላሳንሰው?»

«አይነስም! ከሩቅ ይነበብ አልሁህ እኮ።»

«እንግዲያው ኮከቧን ጠበብ ላድርጋት?»

«ኮከቡ አይነካም!»

«እንዲህ ከሆነ ከሦስቱ መስመር አንዱ መውጣቱ ነው። የቱ ይውጣ?»

«ሰፊው አንተ ነህ! አንተ አውጣ!» ብሎ ጥሎ ሄደ።

የአባቱን እኩያ አንተ ይላል።

በማግስቱ ስሄድ አያ ጫኔ ኪሶቹን በምላጭ ፈተው፣ አንዱን በእንጨት ቀለበት ወጥረው፣ እግራቸው መርገጫው ላይ ሲሮጥ አገኘሁ። እጃቸው ጨርቁን ይዞ ይዞራል፣ መርፌው ይወርዳል፣ ፊደሉ ከመርፌው ሥር እንደ ጉንዳን እየተሰለፈ ይወጣል። ጠጋ ብዬ አየሁት። ከላይ ኮከብ። ከሥሩ «ሰፊውን»። ከሥሩ «አገለግላለሁ»።

«አያ ጫኔ! ሕዝቡስ?»

«ወጣ።»

«ለምን እሱ?»

«ምን ላርግ እቴ? 'ሰፊውን' ባወጣው መፈክሩን ነካህ ይሉኛል። 'አገለግላለሁ'ን ባወጣው ደግሞ ሰፊውን ሕዝብ ምን እንደምታደርጉት ሳይታወቅ ሊቀር ነው። ግስ የሌለው ነገር ያስፈራል። ኮከቧ እንዳትነካ ተብሏል። ማን ቀረ? ሕዝብ ቀረ። ሕዝብ ደግሞ ውጣ ሲሉት ይወጣል።»

«ግን እኮ...» ብዬ ጀመርሁ። የገባኝን ነገር ለመናገር ሳቅ ያዘኝ። ጠብቆ ሲነበብ መፈክሩ ነው። ላልቶ ሲነበብ እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ ልብስ ሰፊው!

ስፒሉን በከንፈራቸው አንከባለሉት። «ጠብቆ ነው የሚነበብ። ማን ነው የሚያላላው?» አሉኝ፤ ዓይናቸው ግን ይስቃል። አስበውበት ይሁን ሳያስቡበት፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ሙያቸውን ግን ማንም አይነቅፈውም። ያ የፋብሪካ ጋዋን፣ በየሰዉ ልክ ተሰብስቦ፣ ኪሱ ተመልሶ፣ ሲለበስ ሰው የሚያስመስል ሆነ። ነገ ጠዋት ያሉት እርግጥ የበዓሉ ዋዜማ ነው የደረሰው።

በበዓሉ ቀን ተሰልፈናል። የአውራጃው እንግዳ፣ ኮቱ የጠበበው ሰውዬ፣ እያንዳንዳችንን እየጨበጠ መጣና እኔ ጋ ቆመ። ደረቴን ጠቆመና ጮክ ብሎ፣ እንደ ተማሪ እየቆጠረ አነበበ። «ሰ-ፊ-ውን... አገለግላለሁ።» ላላ። ጥርት ብሎ ላላ። ቀና አለና «ሰፊውን? የቱን ሰፊ?» አለ።

ከአጥሩ ወዲያ አንድ የቁሐር ሚካኤል ገበሬ ቆሟል፤ ሚስቱን ሊያሳክም ያመጣ ነው። ማንበብ አይችልም፤ የሰማውን ነው የመለሰው፤ ያውም በቅንነት። «አያ ጫኔን ነዋ ጌታዬ! ያውና፣ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ያለውን!»

ሕዝቡ ፈነዳ። እንግዳው ራሱ ሳቀ። ያልሳቀ ጓድ ሽፈራው ብቻ ነው።

ከበዓሉ በኋላ አዳራሽ ተጠራን። ጓድ ሽፈራው ጋዋኔን በእጁ ይዞ ከፍ አደረገው። «በሰፊው ሕዝብ ላይ የተላገጠ አድኃሪ መካከላችን አለ» ብሎ ጀመረ። ሕዝቡን ከመፈክሩ አውጥቶ ራሱን አስገባ አለ። መኪናው ለማኅበሩ ገቢ እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ፤ ስለ ጋዋን አልነበረም የተሰበሰብነው።

እኔ ተነሣሁ። እጄንም አላወጣሁ። «ጓድ፣ ቦታ የለም ሲሉዎት ኮከቡ አይነካም ያሉት እርስዎ ነዎት። አንድ መስመር ይውጣ ሲሉዎት፣ ሰፊው አንተ ነህ፣ አንተ አውጣ ያሉትም እርስዎ ነዎት። ግቢው ሙሉ ሰው ሰምቷል።»

«ማን ሰማ?» አለ ዙሪያውን እያየ። «የሰማ ይነሣ።»

ኃላፊያችን የጫማውን ክር ያስር ጀመር። ጫማው ክር የለውም፤ የጎማ ቡት ነው። ዘበኛው ጣሪያ ያያል። ያን ዕለት «ኮከቡ አይነካም» እያሉ ድምፁን ሲኮርጁ የዋሉት የሥራ ጓደኞቼ ሁሉ ድንገት ደነቆሩ። «ቁጭ በይ፣ ገና ልጅ ነሽ» አለኝ ጓድ ሽፈራው። ልጅ መሆኔ ጆሮዬን ምን ያደርገዋል?

የተነሡት መሪጌታ እንየው ብቻ ናቸው፤ በበትራቸው ተደግፈው። «ልጆቼ፣ ቃሉ ይጠብቃል። ጠብቆ ከተነበበ ነውር የለበትም። ጫኔም ጠብቆ ነው ያለው።»

«የቱ ጋ ነው የጠበቀው?» አላቸው ጓድ ሽፈራው ጋዋኑን አፍንጫቸው ድረስ እያቀረበ። «ፊደሉ ላይ ያሳዩኝ! የቱ ነው የጠበቀው ክር?»

ምን ያሳዩት? ፊደላችን ጠብቆና ላልቶ አይጽፍም፤ አንባቢው ነው የሚያመጣው። መሪጌታ ቁጭ አሉ።

«እሺ» አለ ወደ አያ ጫኔ ዞሮ። «ራስህ ተናገር። ጠብቆ ነው ላልቶ?»

እትዬ ይታይሽ ከኋላ ሆነው «ጠብቆ በላቸው፣ በሞቴ፣ ጠብቆ በል» እያሉ ያንሾካሹካሉ። አዳራሹ ሁሉ ይሰማል። አንዲት ቃል ናት። ጠብቆ ነው ብለው አጥፍቻለሁ ቢሉ መኪናዋ ትተርፍ ይሆናል፤ ቢያንስ ሰበቡ ይጠፋ ነበር።

አያ ጫኔ ተነሡ። ስፒሉን ከአፋቸው አውጥተው ደረታቸው ላይ ሰኩ። «ጓድ፣ እኔ ስሰፋው ጠብቆ ነበር። ያላሉት የአውራጃው እንግዳ ናቸው። እሳቸውን ይጠይቋቸው።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሆዱን ይዞ የሳቀ አለ። እንባውን የጠረገ አለ። ወዲያው ጓድ ሽፈራው «መኪናው ለማኅበሩ ገቢ ይሁን የምትሉ!» ሲል ያው የሳቀ ሰው አጨበጨበ። እንባውን በጠረገበት እጁ አጨበጨበ! እኔ ይኼን ነው የማልረሳው። ጓድ ሽፈራው ያው ጓድ ሽፈራው ነው፤ ከእሱ ምን እጠብቃለሁ? እነዚያ ግን በቀልዱ ተደሰቱበት፣ ሒሳቡን ለባለ ቀልዱ ተዉለት።

መኪናዋን ሁለት ሰዎች ተሸክመው በገበያው መካከል ወሰዷት። እትዬ ይታይሽ ነጠላቸው ከትከሻቸው ወርዶ ሲሮጡ አየሁ። ሊያስመልሷት ነው ብዬ ነበር። የዘይት ጣሳዋን ይዘው ነው። «ዘይቷን ረሳችሁ! ያለ ዘይት ትነክሳለች!» ይላሉ። ተቀብለዋቸው እንኳ እናመሰግናለን አላሉም።

በዚያም አላበቃም። አያ ጫኔ ጽሑፉን ከየጋዋኑ ላይ እንዲተረትሩ ታዘዙ። በምላጭ፣ በእጃቸው፣ ያለ ዋጋ። ኮከቡ ግን አይነካም! በረንዳው ላይ፣ መኪናዋ ከነበረችበት ባዶ ቦታ ፊት ተቀምጠው ይተረትራሉ፤ እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ክሩን እለቅማለሁ።

«ለምን ጠብቆ ነው ብለው ዝም አላሉም?» አልኋቸው። ተናድጄ ነው የተናገርሁት፤ በእሳቸውም ተናድጄ ነበር።

«አልሁ እኮ።»

«ከዚያ በላይ ጨመሩ!»

«ቸኳላ፣ ያቺን ትቼ ብቀመጥ በሕይወቴ ሙሉ ጉሮሮዬ ላይ ትቀመጥ ነበር።» ከዚያ ጋዋኑን ወደ ፀሐይ አነሡት። ክሩ ወጥቷል፤ የመርፌው ቀዳዳ ግን ረድፉን ይዞ ቁጭ ብሏል። «አየሽ ይኼን? አቡጀዲ ቢሆን አንድ ጊዜ ሲታጠብ ይረሳል። ይኼ የፋብሪካ ጨርቅ ቂመኛ ነው። መርፌ የገባበትን አይረሳም።»

ያን ጊዜ ነው እግራቸውን ያየሁት። እጃቸው ሲተረትር እግራቸው ባዶውን መሬት ይረግጣል፤ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ፣ መርገጫው ያለ ይመስል። አፈሩ ተቦርቡሯል። እንዳየሁ አዩኝና «እግሬ መሄድ የለመደው ተቀምጦ ነው» አሉኝ። ቀለዱ። እኔ አልሳቅሁም።

እኔን ብዙ ሳይቆይ ወደ አንበሳሜ አዛወሩኝ፤ ምክንያቱን የነገረኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅሁ። ከመሄዴ በፊት የማኅበሩን መጋዘን በመስኮት አየሁ። መኪናዋ ጥግ ላይ ቆማለች። የመስከረሙ ጎርፍ ያስገባው ውኃ እስከ መርገጫው ድረስ መስመር ሠርቶባታል፤ ብረቷ ዝጎ ቀይ ሆኗል። የዘይት ጣሳዋ አጠገቧ ናት፤ አልተከፈተችም። ሊሰፉባት አልወሰዷትም! ሊሠሩባት ቢወስዷት እንኳ ቁጣዬ በግማሽ ይቀልልኝ ነበር። አያ ጫኔ መጥተው «ቢያንስ ዘይት ልቀባት» ብለው ለምነዋል። ቁልፉ የለም ተብለዋል።

ከዚያ ወዲያ የሰማሁት እግራቸው ማበጡን ነው። ቁልፍ እየተከሉ፣ የተቀደደ በእጅ እየጠቀሙ ኖሩ። አሁን ደግሞ ወንዛዬ።

ነጋዴው እያነከሰ ከወጣ በኋላ ጋዋኔን አየሁት። ያው ጋዋን ነው። ቀዩ ኮከብ በየእጥበቱ ቀለሙን እየለቀቀ ኪሱን ደም የነካው አስመስሎታል። ከሥሩ ቀዳዳዎቹ አሉ።

አንዲት የገጠር ሴት ሕፃን አዝላ ገባች። ሕፃኑን ሳዳምጥ እሷ ኪሴን በጣቷ ትዳብሳለች።

«እቴ፣ ይኼን ብል በልቶት ነው?»

«ብል አይደለም። ጽሑፍ ነው።»

«ምን ይላል?»

«ሰፊውን አገለግላለሁ ይላል» አልኋት።

ጥቂት አሰበች። «የቱን ልብስ ሰፊ?»

«የወረታውን» አልሁ። «አያ ጫኔ ይባላሉ።»